የሲምሲማ ጥርሶች

ኖቬምበር 14፣ ማክሰኞ

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሻሂናዝ «አብላ ኢንሻራህ፣ የምትበላውን፣ የምትተወውንና የምትጮህበትን ሰዓት በየቀኑ ይጻፉልኝ» አለችኝ። ዕድሜዋ የእኔን ግማሽ ቢሞላ ነው፣ «አብላ» የምትለኝም እንደ ታላቅ እህት አክብራ ነው፤ ግን የምትናገረውን የምታውቅ ልጅ ናት። ከእሷ ስወጣ ይህን ደብተር ገዛሁ። ለድመቴ ለሲምሲማ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም።

ጠዋት፦ በጣት የተፈተፈተ የተቀቀለ ዶሮ። ሁለት ጊዜ ላሰች። በሦስተኛው ጮኸችና ሳህኑ የነከሳት ይመስል ወደ ኋላ ሸሸች።
ቀን፦ ምንም።
ማታ፦ የሰርዲን መረቅ። ግማሽ ስኒ አይሞላም።

ዶክተሯ የሲምሲማን አፍ ከፍታ በትንሽ መብራት አሳየችኝ። ድዷ እንደ ተፈለቀቀ ሮማን ቀልቷል። እብጠቱ እስከ ጉሮሮዋ ድረስ ነው፤ በጥጥ ሲነካ ይደማል። የበሽታውን ስም ነግራኝ ነበር፣ ረጅም ስለሆነ አልያዝኩትም። የያዝኩት ይህን ብቻ ነው፦ ሰውነቷ የገዛ ጥርሶቿን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋል። «ይድናል አልልዎትም፤ ይያዛል» አለችኝ። በቀን ሁለት ጊዜ አፏ ውስጥ በሲሪንጅ የሚንጠባጠብ ሽሮፕ አዘዘችላትና አንድ መርፌ ወጋቻት።

ከጀመራት ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለት ሳምንት አልኳት።

ውሸቴን ነው። የጀመራት ከወራት በፊት፣ በሙቀቱ ጊዜ ነው። የአፏ ጠረን ሲለወጥ ዓሣ ገበያ ወርዳ የበሰበሰ በልታ መስሎኝ ነበር። ለሃጯ የሙሽሮቹን ቬሎ እንዳያበላሽብኝ ብዬ ከስፌት ክፍሌ አስወጥቼ በሩን ዘጋሁባት። በሩ ሥር ተቀምጣ ስትጮህ «ቅምጥል» እያልኩ እሰድባት ነበር። ስትጠራኝ ኖሯል።

ኖቬምበር 16፣ ሐሙስ

«መጥረጊያ» የምንለው የዓመቱ የመጀመሪያ ማዕበል ገባ። ባሕሩ መንገዱ ላይ ወጥቷል። መስኮቶቹን በጨርቅ ወጠርኩ።

ሽሮፑ፦ ግማሹ እጄ ላይ፣ ሩቡ ምንጣፉ ላይ፣ የቀረው አፏ ውስጥ። ሁለት ቦታ ቧጨረችኝ።

ወንድሜ ሩሽዲ ከጋዜጣው ሳይነሳ ያየን ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አምስት ዓመት ሆነው፣ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። አርባ ዓመት እዚህ እስክንድርያ፣ አንፉሺ ባሕር ዳር የእንጨት ጀልባ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ጀልባ የሚያሠራ የለም። «አንድ መርፌ እኮ ነው ኢንሻራህ» አለኝ። «እሷም ትገላገላለች፣ አንቺም ትገላገያለሽ።»

ሩሽዲ ሁልጊዜ ሰውን ሁሉ መገላገል ይወዳል።

ኖቬምበር 20፣ ሰኞ

ጠዋት፦ እርጎ፣ አንድ ማንኪያ። ቀን፦ መረቅ።

ከታች ፎቅ ያለችው ኡሙ ወግዲ ነጭ ክር ልትዋስ ወጣች። እህቷ ረሺድ ከተማ ስለምትኖር የረሺድን ወሬ ሁሉ እሷ ናት የምታመጣልን። ጡረታ የወጣ አንድ የጂኦግራፊ መምህር ባለፈው ሳምንት ተቀበረ አለች፤ ሙንዚር የሚባል። አገሩ ሁሉ ነው የወጣለት፣ ያስተማራቸው ብቻ መንገዱን ሞሉት አለች። ክሩን ሰጠኋት።

የሙሽራዋ የሪሃም ቬሎ ዘርፉ ተጣሞ ተሰፍቶ አገኘሁት። ራሴ ነኝ የሰፋሁት። ቀኑን ሙሉ ስፈታ ዋልኩ።

ማታ፦ ሲምሲማ የበላችውን አልጻፍኩም። አላየሁም።

ኖቬምበር 24፣ አርብ

ሩሽዲ ጠዋት ወጥቶ የተመለሰው ሊመሽ ሲል ነው። ጫማው ጭቃ ብቻ ነው። የት ነበርክ ስለው «ጀልባ ሳይ» አለኝና ክፍሉ ገባ። የሠራሁለትን ቡሪ ዓሣ አልነካውም። እኔም አልራበኝም ነበር። ሲምሲማ ብቻ ትንሽ ላሰች።

ዲሴምበር 1፣ አርብ

መርፌው ሠራ። አልሃምዱሊላህ። ከትናንት ጀምሮ ትበላለች። ዛሬ አንድ ሙሉ ሰርዲን፣ አጥንቱን አውጥቼ። ጠጉሯን መላስ ጀመረች። ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬ ሥር ገብታ እግሬ ላይ ተኛች፤ ለሁለት ሰዓት መርገጫውን መርገጥ አልቻልኩም። ሥራው ይቆይ።

ለሩሽዲ «አየህ?» አልኩት። «አየሁ» አለኝ።

ዲሴምበር 12፣ ማክሰኞ

ተመለሰ። ከበፊቱም ብሷል። መዳፏን አፏ ውስጥ ከትታ አንድ ነገር ሊያወጣ እንደሚፈልግ ሰው ትጎትታለች። ስታዛጋ ትጮኻለች። መራቧን አያለሁ፤ ሳህኑ ጋ ትሄዳለች፣ ታሸታለች፣ አቀርቅራ ትቆማለች፣ ትመለሳለች። ቀኑን ሙሉ እንዲህ። አለመራብ ቢሆን ይሻል ነበር።

ሽሮፑን ለመስጠት በፎጣ እጠቀልላታለሁ። በጉልበቴና በክርኔ መካከል አጣብቄ፣ በግራ እጄ ራሷን ይዤ፣ በቀኝ እጄ አጠጣታለሁ። አፏን ስነካው የሚያማት ቦታ ላይ ነው የምነካት፤ ሌላ ቦታ የለም። አሁን የእግሬን ኮቴ ታውቃለች። ኮሪደር ላይ ስትሰማው ከአልጋ ሥር ትገባለች።

ወደ ሩሽዲ ትሄዳለች። ጉልበቱ ላይ ወጥታ ትተኛለች። እሱ ምንም አያደርግላትም፤ ለዚህ ነው የምትወደው።

ዲሴምበር 19፣ ማክሰኞ

መጥፎ ቀን።

ሪሃምና እናቷ ቬሎውን ለመለካት መጡ። ሠርጉ ከረመዳን በፊት ነው። ጭራውን ስዘረጋው መሐሉ ላይ ቢጫ እድፍ፣ በእድፉ ዙሪያ ቀይ ነጠብጣብ። ሲምሲማ ክፍሉ ክፍት ሆኖ አግኝታ ሳቲኑ ላይ ተኝታበታለች። በሩን የከፈትኩት እኔው ነኝ፤ ዘጋሁባት ብዬ ከተጸጸትኩ ወዲህ አልዘጋውም።

ሪሃም ደግ ልጅ ናት፣ «አይታይም አብላ» አለች። እናቷ ግን ፊቷ ጠቆረ። ቦታውን በነጭ ዶቃ ጠልፌ እንደምሸፍነው፣ እንዲያውም እንደሚያምር ነገርኳቸው። ሸኝቻቸው በሩን ስዘጋ እናትየው ደረጃው ላይ ስትናገር ሰማኋት፤ ድምፅዋን ለመቀነስም አልደከመችም። «ልጅ ስላልወለደች ነው፤ ድመቷን ልጅ አደረገቻት። ሰው አጠገቧ ቢኖር ኖሮ እንዲህ አትሆንም ነበር።»

ለሲምሲማ ጮህኩባት። በእጄ ጠረጴዛ መታሁ። ከዚያ የማታው ሽሮፕ ሰዓት ደረሰ፣ በንዴት አጥብቄ ያዝኳት። ከአፏ ደም መጣ። አምልጣ በኩሽናው መስኮት ወጣች። መስኮቱን ማን እንደከፈተው አላውቅም።

ዲሴምበር 20፣ ረቡዕ

አልተመለሰችም። ማዕበል አለ። ዓሣ ገበያውን፣ የመስጊዱን ግቢ፣ የመኪኖችን ሥር አየሁ። ስሟን እየጠራሁ ዞርኩ፤ ድምፄን ስትሰማ ይበልጥ እንደምትሸሽ ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ዲሴምበር 21፣ ሐሙስ

የለችም። መስኮቱን የከፈተው ሩሽዲ ነው። ሲያጨስ ከፍቶ ረስቶት ነው። ያልኩትን ሁሉ አልኩት። «መጀመሪያም እንድትሞት ነበር የምትፈልገው፤ ደስ ይበልህ» አልኩት። ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። ካፌ ሄዶ ይሆናል።

ዲሴምበር 22፣ አርብ

ካፌ አልሄደም ነበር።

የጎረቤት ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ ከሁለት የውሃ ታንከሮች መካከል አግኝቷታል። ሲነግረኝ አይደለም የሰማሁት፣ ኡሙ ወግዲ ከመስኮቷ አይታው ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ዝናብ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ አልጎተታትም፣ አልጠራትም አለችኝ። ራሷ እስክትመጣ ጠበቃት። ካፖርቱ ውስጥ አድርጎ ይዟት ገባ። ውሃው ከሱ ላይ እየተንጠባጠበ «በፎጣ አድርቂያት፤ እኔ አልችልበትም» አለኝ።

ሌሊት ሲያስል አደረ። ዝንጅብል አፍልቼ በሩ ላይ አስቀመጥኩለት። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ይህንንም የምጽፈው ዶክተሯ እንዳታነበው ገጹን አጥፌ ነው።

ጃንዋሪ 3፣ ረቡዕ

ሐኪም ጋ። ክብደቷ ቀንሷል። ያንን መርፌ ደጋግሞ መውጋት አይቻልም አለች፤ ኩላሊቷን ይጎዳል፣ ስኳርም ያመጣባታል። የቀረው አንድ ነገር ነው፦ ጥርሶቿን በሙሉ መንቀል። ሁሉንም። ሰውነቷ የሚዋጋው ነገር ሲነሳለት ጦርነቱ ይቆም ይሆናል።

«ይሆናል?»

«አብዛኞቹ ይሻላቸዋል አብላ። አንዳንዶቹ በግማሽ ይሻላቸዋል። ምንም የማይለወጥላቸውም አሉ። ደግሞ ደክማለች፤ ከማደንዘዣው ላትነቃ ትችላለች። ልደብቅዎት አልፈልግም።»

ሲምሲማ መናገር ብትችል ምን ትል ነበር ብዬ ጠየቅኋት። የማይረባ ጥያቄ ነው፤ ግን ልጅቷ አልሳቀችብኝም። «መናገር ስለማትችል ነው እርስዎ የሚወስኑላት» አለችኝ። ፈቃድ የምፈርምበትን ወረቀት ይዤ መጣሁ። የቬሎ ሥዕሎች ያሉበት መጽሐፌ ሥር አስቀምጬዋለሁ።

ለሩሽዲ ስነግረው ከተቀመጠበት ተነሳ። «ጥርስ የሌላት ድመት? እንዴት ትኖራለች? እንድትኖር ብለሽ ልትገድያት ነው?» በአንድ መርፌ እንገላግላት ያለው ራሱ እንዳልሆነ ሁሉ። እኔም አንድ ነገር አልኩት። ያልኩትን እዚህ አልጽፍም። ስለ ድመት አልነበረም። ሩሽዲ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ጋዜጣውን አነሳ፤ ገልብጦ ነበር የያዘው።

ጃንዋሪ 10፣ ረቡዕ፣ ሌሊት

ሩሽዲ ተኝቷል። እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ፤ ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም፣ አሮጌ ነገር ነው።

በ1988፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባታችን ባሕር ላይ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበርና የአባትነቱን ቦታ የያዘው ሩሽዲ ነው። ሙንዚር ለአንድ ዓመት እዚህ ሰፈር ትምህርት ቤት ተመድቦ ሲያስተምር የእህቱን ልብስ ሊያሰፋ ሁለት ጊዜ መጣ። ሦስተኛ ጊዜ የሚሰፋ ነገር አልያዘም። ቀጭን ነበር፣ ሲናገር እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ከአጎቱ ጋር ሆኖ ለትዳር ሊጠይቀኝ ሲመጣ እኔ ኩሽና ነበርኩ፤ ሻይ አፍልቼ በትሪ ይዤ በሩ ጋ ቆሜ ሰማሁ። ሩሽዲ ስለ ጤናው ሰምቶ ነበር። ኩላሊቱን እንደሚያመው፣ ወጣት ሆኖ ሆስፒታል እንደከረመ። «ወንድሜ፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ» አለው። «ግን ሁለት ዓመት ብትቆይ ነው። እህቴን የማስታመምና የለቅሶ ኑሮ ውስጥ አላስገባትም።» ሻዩን ሳልሰጣቸው ሄዱ።

ለእኔ የነገረኝ በማግሥቱ ነው። አንድ ጉዳይ አሳክቶልኝ እንደመጣ ሰው፣ ትከሻዬን ይዞ ነበር የነገረኝ። እኔም እሺ ብዬ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ሌሎች መጡ፣ እምቢ አልኩ። ከዚያ መምጣት አቆሙ። ይኸው ነው። እሱ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ልጆቹን ድሮ፣ ሚስቱን ቀብሮ፣ ተመልሶ እኔ ጋ መጣ። ሁለት ዓመት አይቆይም የተባለው ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት ቆየ። ይህን ኡሙ ወግዲ ክር ልትዋስ መጥታ ነገረችኝ።

አልከፋኝም። ሰው ያረጃል፣ ይሞታል። የምጨነቀው ለድመቷ ነው።

ጃንዋሪ 19፣ አርብ

የጥምቀት ማዕበል። የኮፕት ጎረቤቶቻችን በዓል ነው፤ ሸንኮራና የጎደሬ ወጥ ላኩልን። የወጡን መረቅ ለሲምሲማ አቀመስኳት፤ ሦስት ጊዜ ላሰች። ከዚያ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። አንገቷ ሥር በጣቴ ብቻ ዳሰስኳት። አጥንት ነው።

ወረቀቱን ፈረምኩ።

ጃንዋሪ 22፣ ሰኞ

ልጻፈው፣ በቅደም ተከተል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሐኪም ቤት ደረስን። ሩሽዲ አልሄድም ብሎ ነበር፤ ስወጣ ግን ካፖርቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። መሸከሚያ ሳጥን ሠርቶላታል። መቼ እንደሠራው አላውቅም። እንጨቱ እንደ ጀልባ እንጨት የተለሰለሰ፣ አንድ ስንጥቅ የለውም። ውስጡ የራሱን ሹራብ አንጥፎበታል።

ዶክተር ሻሂናዝ ስትወስዳት ሲምሲማ ወደ ሩሽዲ ነው ያየችው። ሦስት ሰዓት ይፈጃል ተባልን። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከእኛ ሌላ ማንም አልነበረም። አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጥን። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠርዙን ያሽከረክራል። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ከቆየን በኋላ ድንገት ተናገረ።

«ረሺድ ሄጄ ነበር።»

«መቼ?»

«ያን አርብ። ለለቅሶው።»

እሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የውሻ ሥዕል እያየ ቀጠለ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ከማያውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀምጦ፣ ቁርአኑን ሰምቶ፣ መራራ ቡናውን ጠጥቶ ሊወጣ ሲል ትልቁ ልጅ እጁን ይዞ አባቴን እንዴት ያውቁታል ብሎ ጠየቀው። የጥንት ትውውቅ ነው፣ ከእስክንድርያ ነው የመጣሁት አለው። ልጁ እስክንድርያ ሲባል ፈገግ አለ። አባቱ ሁልጊዜ የሚያወራው ነገር እንዳለ ነገረው፦ እስክንድርያ ውስጥ አንድ ጀልባ ሠሪ «ሁለት ዓመት አትኖርም» ብሎ ሴት ልጅ ከልክሎት ነበር። አባቱ በየልደት ቀኑ ብርጭቆውን አንስቶ «ይህን ለዚያ ጀልባ ሠሪ ንገሩት» እያለ ያስቃቸው ነበር።

«አየኝ ኢንሻራህ። ዓይኔን እያየ ነው የነገረኝ። እኔም ሳቅኩለት።»

ባርኔጣው ከጉልበቱ ወደቀ፣ አላነሳውም። እኔ የጠየቅኩት ሌላ ነገር ነው።

«ስሜን ያነሳ ነበር?»

ሊዋሸኝ እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ። «ልጁ ስም አልጠራም» አለኝ።

ወለሉን አየሁ። ሰድሩን ቆጠርኩ፣ ረሳሁት፣ እንደገና ጀመርኩ።

«ላንቺ ብዬ ነበር» አለኝ። «አባታችን ሲሞት እናታችን የሆነችውን አይቻለሁ። ሁለተኛ እንደዚያ ያለ ነገር በቤታችን እንዳላይ ብዬ ነው።»

«ጠይቀኸኝ ነበር?»

«አልጠየቅኩሽም።»

ይኸው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት አንድ ቀን ይህን ሲል እኔ የምመልስለትን እያሰብኩ ኖሬያለሁ፤ ስሰፋ፣ ሳጥብ፣ መንገድ ስሄድ። ብዙ ነገር ነበር። በዚያ ሰዓት ግን ከውስጥ የመሣሪያ ድምፅ ይሰማ ነበርና ስለ ሲምሲማ ጥርሶች ነበር የማስበው፤ እሷንም አልጠየቅኋትም።

ዶክተሯ ወጣች። ጭምብሏን አውርዳ፣ መሐል ላይ ልቧ አንድ ጊዜ ደክሞ እንደነበረ፣ አሁን ግን እየነቃች እንደሆነ ነገረችን። ሩሽዲ ተነስቶ የዶክተሯን እጅ ሊስም ምንም አልቀረው፤ ልጅቷ በሐፍረት እጇን ሰበሰበች።

ጃንዋሪ 23፣ ማክሰኞ

ምንም አልበላችም። ፊቷ አብጧል። ሳጥኑ ውስጥ ናት፣ ሹራቡ ላይ። የሕመም ማስታገሻ፣ ሽሮፕ፣ ውሃ በሲሪንጅ።

ጃንዋሪ 24

ምንም።

ጃንዋሪ 25

ምንም። ምን አደረግኩ?

ጃንዋሪ 28፣ እሑድ

ዶክተሯ ራሷ ቤት ድረስ መጣች። አፏን አይታ ቁስሉ ጥሩ እየሆነ ነው አለች። ድዱ ጫፍ ጫፉ ላይ ነጣ ብሏል። «ታዲያ ለምን አትበላም?» አልኳት። «መብላት ያማል ብላ ታምናለች አብላ። እስክትረሳው ጊዜ ይስጧት» አለችኝ።

ዶክተሯ ስትወጣ ሩሽዲ ሰርዲን ሊገዛ ወረደ። በሹካ ፈጭቶ፣ በውሃ አሽቶ፣ በወንፊት አጣርቶ እንደ ሕፃን ምግብ አደረገው። ሲሠራ አየሁት፤ ከመቼ ጀምሮ ይህን እንደሚያደርግላት አላውቅም ነበር፤ እጁ ግን ለምዶታል። ወንፊቱ ለብዙ ሳምንት ዓሣ ዓሣ የሚሸተኝ ለካ በዚህ ነው።

ፌብሩዋሪ 5፣ ሰኞ

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት። ዶቃ እየጠለፍኩ ሳለ ከኩሽና ድምፅ ሰማሁ። ምላስ ሳህን ላይ ሲሄድ የሚሰማ ድምፅ። ተነሳሁና ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ብገባ ትሸሻለች። በባዶ እግሬ ነበርኩ፣ ሰድሩ በረዶ ነው። ድምፁ ይቆማል፣ ይቀጥላል። ጩኸት የለበትም። ሩሽዲም ከክፍሉ ወጥቶ በወዲያኛው ጫፍ ቆመ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሁለታችንም ሳህኑ በሰድሩ ላይ እየተንሸራተተ ግድግዳውን እስኪመታ ድረስ ቆመን ሰማን።

ለዶክተሯ፦ የተፈጨ ሰርዲን፣ ሙሉ ሳህን።

ፌብሩዋሪ 18፣ እሑድ

ሐኪም ጋ። ክብደቷ ጨምሯል። የፊተኛው ድድ ድኗል። ጉሮሮዋ አካባቢ ግን ቅላቱ አልጠፋም። ከእነዚያ በግማሽ ከሚሻላቸው ናት። ሽሮፑ በቀን አንድ ጊዜ ይቀጥላል፤ እስከ መቼ ብዬ አልጠየቅኩም። ዶክተሯ ደብተሩን ልትወስድ እጇን ዘረጋች፤ ቤት ረሳሁት አልኳት። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ከሩሽዲ ጋር ስለዚያ ነገር አላወራንም። ጠዋት ሻይ ያፈላል፣ ለእኔም ይቀዳል። ቀድሞ አይቀዳልኝም ነበር።

ማርች 2፣ ቅዳሜ

ሪሃም ቬሎዋን ወሰደች። እናቷ ዶቃውን በጣቷ ዳስሳ ከሌላው ቦታ ይልቅ ያማረው ይኸኛው ነው አለች። አመሰገንኳት። ሪሃም መስታወት ፊት ስትሽከረከር ጭራው መሬቱን ጠረገ። ደስ ብሏታል። መርጣው ነው የምታገባው፤ ይህን ነግራኛለች።

ለካ ሳለቅስ ኖሯል፤ ልጅቷ አቅፋኝ «አብላ፣ ለሁሉም ሙሽራ እንዲህ ያለቅሳሉ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ማርች 7፣ ሐሙስ

ትናንት ማታ ለሩሽዲ «ነገ ረሺድ እሄዳለሁ» አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። «አብሬሽ ልምጣ?» አለኝ። «ድመቷን ማን ያበላታል?» አልኩት።

በሚኒባስ ሄድኩ። የመቃብሩ ጠባቂ መምህሩን ያውቀዋል፤ እሱንም አስተምሮታል። እስከ ድንጋዩ ድረስ ወስዶኝ ዘመዱ ነሽ ወይ አለኝ። «አይደለሁም፣ ልብስ ሰፊ ነኝ» አልኩት። ሰውየው ያም መልስ ሆኖ ተሰማውና ብቻዬን ትቶኝ ሄደ። ፋቲሃ ቀራሁለት። ከዚያ ቁጭ አልኩ። ያልኩትን እዚህ አላሰፍርም፤ ግን ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፣ ድምፄንም ሰምቼዋለሁ። የዘንባባዎቹ አቧራ ጫማዬን አለበሰው።

ቤት ስገባ ሩሽዲ የት ገባሽ፣ ምን አየሽ አላለኝም። ሲምሲማ ጉልበቱ ላይ ናት።

«በላች?»

«ሁለት ጊዜ። ሁለተኛውን ጨርሳ ሳህኑን ላሰችው።»

ኮቴን ሰቀልኩ። የሽሮፑ ሰዓት ደርሶ ነበር። ሲሪንጁን ሞልቼ፣ ፎጣውን ይዤ መጣሁ፤ ሲምሲማ እያየችኝ ጆሮዋን አጠፈች። እንደ ሁልጊዜው ልይዛት ነበር። ቆም አልኩና ሁለቱንም ለሩሽዲ ዘረጋሁለት።

«ዛሬ አንተ ስጣት።»

«እኔ? አልችልበትም።»

«እኔም አልችልበትም ነበር።»

ተቀበለኝ። ነገርኩት፦ በጉልበትህና በክርንህ መካከል፣ ራሷን በግራ፣ ቀስ ብለህ፣ ከጎን። ያ ጀልባ ሲሠራ የኖረ እጅ ሲሪንጁን ቀስ ብሎ ገፋው። ከአፏ ዳር ትንሽ ፈሰሰ፣ የቀረውን ዋጠች። ከዚያ በአንድ ጊዜ ተስፈንጥራ ክንዱን ቧጭራ ከአልጋ ሥር ገባች። ሩሽዲ ባዶውን ፎጣ እንደያዘ አልጋውን ያይ ነበር። በቧጨረችው በኩል ደም መጣ።

«አሁን እኔንም ጠላችኝ» አለ።

«ትለምደዋለህ» አልኩትና ክንዱን ላጥብለት ውሃ አመጣሁ።